ኮሮና አለፈ ተባለ፣ የእኔ ፍርሃት ግን አላለፈም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ መምህር። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 46 ሲሆን የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ኮሮና ሁለት ጊዜ ያዘኝ። ከሁለተኛው በኋላ ድካሙ፣ የልብ ትርታው፣ መርሳቱ አልለቀቀኝም፤ ዓመት አልፎታል። ከሕመሙ የባሰብኝ ግን ፍርሃቱ ነው። ታክሲ ውስጥ ሰው ካሳለ እወርዳለሁ። ኦክስጅን መለኪያውን በቀን ሃያ ጊዜ ጣቴ ላይ አደርጋለሁ። ቅዳሴ ካስቀደስኩ ቆየሁ፣ ለቅሶም አልደርስም። ሐኪም የጭንቀት መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ጸበል ቦታ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ደግሞ «መድኃኒቱን ካልተውሽ ጸበሉ አይሠራልሽም» አሉኝ። መዝሙር 90ን እየደገምኩ ማስክ ማድረጌ እምነት ማጣት ነው? ጾሙንና ስግደቱንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅታችን፣ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎ። ከፍርሃቱ እንጀምር። ጌታችን በጌቴሴማኒ «ሊያዝንና ሊተክዝ ጀመረ» ተብሎ ተጽፏል (ማቴ. 26፥37)። ያለ ኃጢአት ሥጋችንን የተዋሐደው አምላክ ይህን በሥጋው ከተቀበለ፣ የደነገጠ ሰውነትዎን የእምነትዎ መለኪያ አያድርጉት። ንስሐ የሚያስፈልገው ፍርሃት ሰውን ከምሕረት ተስፋ የሚያስቆርጠው፣ «ከእንግዲህ አልጸልይም» የሚያሰኘው ነው። እርስዎ ግን እየጠየቁና እየደገሙ ነው። «ኃጢአትሽ ነው ያመጣብሽ» የሚልዎ ካለም፣ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ሲጠይቁት ጌታ የመለሰላቸውን ያንብቡለት (ዮሐ. 9፥3)።

በዚያ ላይ የያዘዎት ሕመም በሕክምና የታወቀ ነው። ኮሮና ከያዘው በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ጀምሮ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የማሰብ መፍዘዝ ካለ የዓለም ጤና ድርጅት ከኮሮና በኋላ የሚቀር ሕመም ይለዋል። «ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት» የሚለው ላይ ይቁሙ። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ አስም እና ቲቢ ይህንኑ መልክ ያሳያሉ። ሁሉን በኮሮና አሳብበን ቲቢ የምናሳልፍ ብዙዎች ነን። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለብዎ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ያስመርምሩ፤ የቲቢ ሕክምናው በነጻ ነው።

መዝሙር 90ን በተመለከተ፣ ይህን መዝሙር ጠቅሶ የተከራከረው ሰይጣን መሆኑን አንርሳ። ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ሲለው መላእክት በእጃቸው እንደሚያነሡት የጠቀሰው ከዚሁ መዝሙር ነው። የተሰጠው መልስ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነበር (ማቴ. 4፥6-7)። መዝሙሩ እግዚአብሔርን የምንታመንበት ነው፣ ለድፍረት የምንመዘው አይደለም። ስለዚህ ማስክ አድርጎ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ማለት አይጋጭም። በ2012 የትንሣኤን በዓል አብዛኛው ምእመን በቤቱ ሆኖ ሲያከብር እምነቱን አልካደም።

ነገር ግን ለጥንቃቄም ልክ አለው፤ እርስዎን የጎዳዎት ልኩ መጥፋቱ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮሮና ያወጀውን የአስቸኳይ ሁኔታ ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። ቫይረሱ አሁንም አለ፣ ይዞራል፤ ክትባቱና ቀድሞ መያዝ ግን በጽኑ የመታመም ዕድልን ቀንሰዋል። ከዚህ በላይ «ፈጽሞ አልያዝም» የሚል ማረጋገጫ ማንም አይሰጥዎትም። ጭንቀት ይህን ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ባጣው ቁጥር አንድ ጥንቃቄ ይጨምራል። ስለዚህ ደንቡን ልብዎ በተረጋጋ ቀን አንዴ በወረቀት ይጻፉት። ማስክ የማደርገው በታክሲ፣ በጤና ተቋምና ሰው በታጨቀበት ዝግ ክፍል ነው፤ ግቢና መንገድ ላይ አላደርግም፤ ቤት ስገባ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ በቃ። በደነገጡ ሰዓት ደንብ አይጨምሩ፤ ማሻሻል ካስፈለገ በወር አንዴ ከሐኪምዎ ጋር ይሁን። ነጠላን አፍ ላይ ጣል ማድረግ ግን የማስክን ሥራ አይሠራም፤ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ብዙም አያጣራም። ታክሲ ውስጥ ከመውረድ ይልቅ መስኮት አጠገብ ይቀመጡና ትንሽ ይክፈቱት። «ብርድ መታኝ» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም፤ ሦስት ጣት ያህል መክፈት ከጠብ ያድናል፣ አየሩም ይለወጣል።

ስለ ኦክስጅን መለኪያው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ቁጥር እዚህ ከባሕር ዳር ከተሞች ጥቂት ዝቅ ብሎ ይነበባል። በኢንተርኔት ያነበቡት «ከ95 በታች አደጋ ነው» የሚለው የተጻፈው ለቆላ ሰው ነው፤ ለእርስዎ የሚበቃውን ቁጥር ሐኪምዎ ይጻፍልዎ። መሣሪያውም ይሳሳታል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ የጥፍር ቀለም ካለ ወይም እጅ ከተንቀጠቀጠ ቁጥሩ ይወርዳል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎን ከተጫነዎ ወይም ራስዎን ከሳቱ ቁጥሩ ምንም ቢል ሆስፒታል ይሂዱ። ከዚያ ውጪ በቀን አንዴ ብቻ፣ ጠዋት ይለኩ፦ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፣ እጅዎን ያሙቁ፣ መለኪያውን ጣትዎ ላይ አድርገው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ቁጥሩን ጽፈው መሣሪያውን ለልጅዎ ይስጡት። ሃያ ጊዜ መለካት የሚያረጋጋው ለአምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሃያ አንደኛውን ይጠይቃል።

ፍርሃቱ ድንገት ሲነሣ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ሲፈጥን ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፤ ያን ጊዜ «ኮሮናው ተመለሰ» ያሰኛል። እዚህ ላይ መቁጠሪያዎ ይረዳዎታል። 41 እግዚኦታ ስናደርስ አብዛኛውን ጊዜ እንቸኩላለን፤ መቸኮሉ ደግሞ የፈጠነውን ትንፋሽ ያባብሰዋል። ተቀምጠው፣ ትከሻዎን ጥለው፣ በአፍንጫ አየር ሲስቡ በልብዎ «እግዚኦ»፣ ቀስ ብለው ሲያወጡ «መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ። መሳቡ አራት ሰከንድ፣ ማውጣቱ ስድስት ሰከንድ ያህል ይሁን። 41ዱ በዚህ መጠን ሰባት ደቂቃ ግድም ይወስዳል። የድንጋጤው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለሚያልፍ ጸሎቱ ሲያልቅ ማዕበሉም ይበርዳል። ጸሎት መሆኑን ግን አይርሱ፤ ምሕረት የሚለመነው ጌታ ነው፣ ትንፋሹ መንገድ ይጠርጋል።

ወደ ቤተ ክርስቲያን መመለሱን በአንድ ጊዜ አያድርጉት። በአዘቦት ቀን ጠዋት ኪዳን ሲደርስ ይሂዱ፤ ሰው ትንሽ ነው፣ ጸሎቱም አጭር ነው። ከአራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴም በዓታም ቅርብዎ ናቸው፣ ፒያሳ ከወረዱ አራዳ ጊዮርጊስ አለ፤ ሦስቱም ሰፊ ግቢ ስላላቸው ዛፍ ሥር ሆኖ መጸለይ የኖረ ነገር ነው። ጥር 7 እና ሐምሌ 7 በሥላሴ፣ ሚያዝያ 23 በጊዮርጊስ ሰው እንደ ንብ ስለሚጎርፍ ለመጀመሪያ ቀን አይምረጧቸው። ሁለት ሳምንት በኪዳን ከለመዱ በኋላ ቅዳሴውን ከውጭ፣ ቀጥሎ ከበር አጠገብ ያስቀድሱ። ያለ ምክንያት ቅዳሴ አቋርጦ መውጣት እንደማይገባ ያውቃሉ፤ ሕመም በቂ ምክንያት ነው። ሁለቱን ግን ይለዩ፦ ጉልበትዎ ከከዳዎት ወጥተው ይረፉ፤ ድንጋጤ ከሆነ ግን ባሉበት ቁጭ ብለው 41ዱን ይጨርሱ እንጂ አይሽሹ። በሸሹ ቁጥር ቦታው በአእምሮዎ የአደጋ ቦታ ሆኖ ይመዘገባል፣ የሚቀጥለው እሑድ ይከብዳል። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል መነሣት ያልቻለ በሽተኛ ባለበት ሆኖ ልቡን ያንሣ። መስቀል ለመሳለም ከተጨነቁ በግንባርዎ ይሳለሙ፤ ካህኑ አይቀየሙም።

የዚህ ሕመም ተንኮል ቅጣቱን ማዘግየቱ ነው። ዛሬ የደከሙበት ብዙ ጊዜ የሚያወርድዎት ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ ስግደቱን ዐርብ ስቅለት ላይ «ቻልኩት» ብለው ጨርሰው፣ ትንሣኤን አልጋ ላይ ያሳልፋሉ። ምን እንደጣለዎትም አይገባዎትም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን ሠርተው መቼ እንደደከሙ ይመዝግቡ፤ ከሚያስችልዎ ላይ ሲሶውን ይተዉ። ለስግደት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሦስት መልክ አላት፦ ግንባር መሬት የሚነካበት ሰጊድ፣ ጉልበት የሚነካበት አስተብርኮ፣ ራስን ዝቅ የማድረግ አድንኖ። የንስሐ አባትዎ ቀኖናዎን ወደ አድንኖ ይለውጡልዎ። በሰንበትና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትማ ጤነኛውም የንስሐ ስግደት አይሰግድም። ለዳዊት ድገማም እንዲሁ ነው፤ በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ይደግሙ ከነበረና አሁን መስመሩ የሚጠፋዎ ከሆነ አንዱን መዝሙር በደንብ ይድገሙ።

ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፣ ዳግመኛ ቀሰቀሰውና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው (1ኛ ነገ. 19)። ስለ ጾሙ ስንነጋገር ይህን ይያዙ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾሙን ሲያዝ ሕመም ያገደውን ሰው ለይቶታል። ጾም ደግሞ ሰዓትም ነው፣ የምግብ ዓይነትም ነው። ሥጋና ወተት ሳይበሉ ሰዓቱን ማሳጠር ይቻላል። ለእርስዎ የሚከብደው በተለይ እስከ 9 ሰዓት ውኃ አለመጠጣቱ ነው፤ ሰውነት ውኃ ሲያጣ ሲቆሙ ልብ ይመታል፣ ያን ደግሞ ጭንቀቱ ይቀበለዋል። በባዶ ሆድ የሚጠጣ አቦልም እንደዚሁ ነው፤ ቡናውን ከምግብ በኋላ ያድርጉት፣ ቶናና በረካውን ለእንግዶች ይተዉላቸው። ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስኑት የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ የመድኃኒትዎን ሰዓት ጽፈው ይዘውላቸው ይሂዱ።

መድኃኒቱን ተዪ ያሉዎት እናት በቅንነት ይሆናል የተናገሩት፤ ትምህርቱ ግን የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል፤ በሽተኛውን ጸልይ፣ ከበደል ተመለስ ካለው በኋላም ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው ይለዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ ያስተማሩት በዚሁ መሠረት ነው። የጭንቀት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በድንገት ሲያቋርጡት መፍዘዝና መረበሽ ያመጣል፣ ያንን ሰው «ጸበሉ አስለፈለፈው» ይለዋል። ማቆም ካለብዎም ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰው። ጸበሉን ይጠመቁ፤ እንጦጦ ግን ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ያለና በማለዳ ብርዳም ስለሆነ ትንፋሽዎ እስኪረጋ ቅርብ ያለውን ይምረጡ፣ ወይም አስቀድተው ቤት ይጠጡ፤ ኩባያውም የራስዎ ይሁን። ሐኪምዎ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሪፈር ቢጽፍልዎ «ምን ይሉኛል» ብለው አይቅሩ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዕለቱን ለቤተሰብ ይናገሩና ይሂዱ።

ስለ ቁርባን፦ ሥጋ ወደሙ ሕይወት እንደሚሰጥ እናምናለን፣ ስለዚህ በዚህ አይሥጉ። ትኩሳት ያለበት ወይም ሳል የያዘው ግን ከቆረበ በኋላ ስለማይተፋ፣ እስኪሻለው ይቆይ።

ለቅሶን ጨርሶ አይተዉት፤ ከሰው መለየቱ ራሱ ጭንቀቱን ይመግበዋል። ከቀብር በኋላ ባሉት ቀናት፣ ሰው ሳይበዛ ጠዋት ይሂዱ። ድንኳኑ ዳር፣ መጋረጃው ከተከፈተበት በኩል ባለው አግዳሚ ወንበር ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። ሐዘንተኛዋ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሆነች በር ላይ ያስጠሯትና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለዋት ይመለሱ። ለእድርዎ ዳኛም ሕመምዎን አስቀድመው ይንገሩ፤ ስለታመመ አባል ደንቡ ምን እንደሚልም ይጠይቋቸው።