ሩዝ ከላኪ እስከ አስመጪ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሩዝ ዓለም አቀፍ ግብይት የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዶላር ሲባል የአሜሪካ ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ሩዝ እኮ በዓለም በብዛት ከሚመረቱት እህሎች አንዱ ነው። ታዲያ አንድ አገር መላክ ባቆመ ቁጥር ዋጋው የሚተኮሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ምርቱ ብዙ ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። በዓመት ከ500 ሚሊዮን ቶን በላይ የተፈተገ ሩዝ ይመረታል። ድንበር የሚሻገረው ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ቶን፣ ማለትም አንድ አስረኛው ገደማ ነው። ከስንዴ ምርት ግን አንድ አራተኛ ያህሉ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ቻይናና ህንድ ብቻ ከዓለም ሩዝ ግማሽ ያህሉን ያመርታሉ፤ አብዛኛውንም ራሳቸው ይበሉታል።

ሌላው ችግር ላኪዎቹ ጥቂት መሆናቸው ነው። በ2022 ህንድ ብቻዋን 22 ሚሊዮን ቶን ገደማ ልካለች፤ ይህ ከዓለም ንግድ 40 በመቶ ያህል ነው። ታይላንድ፣ ቬትናምና ፓኪስታን ይከተላሉ፤ ከዚያ አሜሪካ፣ ምያንማርና ካምቦዲያ። ገዢዎቹ በተቃራኒው የተበታተኑ ናቸው፦ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ኢራቅ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሴኔጋል፣ ኮትዲቯር፣ ቤኒን፣ ሌሎችም በርካታ። እህሉ የድሃም የሀብታምም ዋና ምግብ በሆነበት አገር ደግሞ የትኛውም መንግሥት ዋጋው ሲወጣ ዝም ብሎ አያይም። መጀመሪያ የሚዘጋው በር የወጪ ንግዱ ነው።

ጥያቄ፦ በ2008 የተፈጠረው እውነተኛ እጥረት ነበር ወይስ ድንጋጤ?

መልስ፦ በዋናነት ድንጋጤ። የዚያ ዓመት የዓለም ምርት መጥፎ አልነበረም። በኦክቶበር 2007 ህንድ ከባስማቲ (ረጅም ፍሬ ካለው መዓዛማ ሩዝ) ውጭ ያለውን ሩዝ መላክ ገደበች፤ የስንዴ ክምችቷ ሳስቶ ስለነበር ሩዙን ለአገር ውስጥ ልታቆይ ፈለገች። ቬትናምም ገደብ አወጣች። ፊሊፒንስ ክፍተቱን ለመሙላት ተከታታይ ትልልቅ ጨረታዎች አወጣች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፦ የመንግሥት ጨረታ መጠኑንም ቀኑንም ለዓለም ያውጃል፤ ስለዚህ ሻጩ ሩዙን ይዞ ይጠብቃል። በ2007 መጨረሻ ቶኑ ከ400 ዶላር በታች የነበረው የታይላንድ ነጭ ሩዝ በ2008 አጋማሽ ሳይደርስ ከ1,000 ዶላር አለፈ።

የወረደበትም መንገድ ያው ነው። ጃፓን ከውጭ የገዛችው ከአንድ ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ሩዝ መጋዘን ውስጥ ነበራት። አሜሪካ ተቃውሞ እንደሌላት ታውቆ ጃፓን ልትለቀው ነው የሚል ወሬ ሲወጣ፣ ሩዙ ከመጋዘን ሳይንቀሳቀስ ዋጋው መውረድ ጀመረ።

ጥያቄ፦ የህንድን የቅርብ ጊዜ እገዳዎች በቅደም ተከተል ቢያስቀምጡልን? ሁልጊዜ ይደበላለቁብኛል።

መልስ፦ የሚደበላለቁት ለየዓይነቱ የተለያየ ደንብ ስለወጣ ነው። በሴፕቴምበር 2022 ስብርባሪ ሩዝ መላክ ታገደ፤ ፓርቦይልድ (ከነቅርፊቱ በእንፋሎት የተቀቀለ) ባልሆነው ነጭ ሩዝ ላይ ደግሞ 20 በመቶ የወጪ ቀረጥ ተጣለ። በጁላይ 2023 ከባስማቲ ውጭ ያለው ነጭ ሩዝ ጭራሽ ታገደ። በኦገስት በፓርቦይልድ ላይ 20 በመቶ ቀረጥ መጣ፤ ለባስማቲም በቶን 1,200 ዶላር የዋጋ ወለል (ከዚያ በታች መላክ የማይፈቀድበት ዋጋ) ተቀመጠና በኋላ ወደ 950 ወረደ። በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ነጩ ሩዝ በ490 ዶላር ወለል ተፈቀደ፤ ወለሉም በቀጣዩ ወር ተነሣ። የስብርባሪው እገዳ የተነሣው በማርች 2025 ነው።

አስመጪው ማወቅ ያለበት ግን ከቀኑ ይልቅ የሽግግር አንቀጹን ነው። የጁላይ 2023ቱ እገዳ በወጣ ሰዓት መጫን የጀመረ ዕቃ፣ ወይም የጉምሩክ ሰነዱ ቀርቦ መርከቡ ወደቡ ላይ የደረሰለት ዕቃ እንዲወጣ ተፈቅዷል። ውል ብቻ የያዘ ግን ቀረ። ስለዚህ ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስቀድሞ ይጻፍ፦ አዲስ የወጪ ቀረጥ ቢመጣ የሚከፍለው ማን ነው? እገዳ ቢወጣ ውሉ ይሰረዛል ወይስ ለተወሰነ ቀን ይራዘማል? «ከአቅም በላይ» የሚል ደረቅ ሐረግ ብቻ ካለ ክርክሩ ለንደን ባለው የእህል ነጋዴዎች ማኅበር፣ በጋፍታ፣ ግልግል ዘንድ ሊያልቅ ይችላል። ያ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

ጥያቄ፦ «5 በመቶ ስብርባሪ» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በክብደት ነው፤ በፍሬ ቁጥር አይደለም። በኮዴክስ (ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ) ደረጃ ከአማካይ ፍሬ ርዝመት ሦስት አራተኛና ከዚያ በላይ የሆነው እንደ ሙሉ ፍሬ ይቆጠራል። የታይላንድ ደረጃ ግን ለየመደቡ የራሱ የርዝመት ልክ አለው። ውሉ ላይ «5 በመቶ» ተብሎ በየትኛው አገር ደረጃ እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ሁለት መርማሪ ከአንድ ክምር ሁለት ውጤት ያወጣሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መርማሪው ጆንያዎቹን በመውጊያ እየወጋ ናሙና ይሰበስባል፤ አደባልቆ በመከፋፈያ ይቀንሳል፤ ከዚያ የተመዘነ ናሙና ላይ ስብርባሪውን በወንፊትና በእጅ ለይቶ ይመዝናል። የቀረው ናሙና በሦስት ታሽጎ ለሻጭ፣ ለገዢና ለመርማሪው ይቀመጣል። የታሸገ ናሙና የሌለው ገዢ በኋላ የሚከራከርበት ነገር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሩዝ በጉዞ ላይም ይሰበራል። ጆንያ ከከፍታ ሲወረወር፣ ሲደራረብ፣ እንደገና ሲሞላ፤ ሲጫን 5 የነበረው ሲራገፍ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው አብዛኛው ሻጭ «የጥራት ውጤት በመጫኛ ወደብ ላይ የመጨረሻ ነው» የሚለውን አንቀጽ የሚያስገባው። በገንዘብ ሲታይ ልዩነቱ ከሚወራው ያንሳል። በ25 ቶን ላይ 3 በመቶ ትርፍ ስብርባሪ 750 ኪሎ ነው፤ በሙሉ ፍሬና በስብርባሪ መካከል በቶን 100 ዶላር ልዩነት ቢኖር ጉዳቱ 75 ዶላር ነው። ዋናው ኪሳራ የሚመጣው ዕቃው ከጨረታው ወይም ከተቀባዩ አገር ደረጃ ወጥቶ ሲመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ከስብርባሪው ሌላ መግለጫው ላይ ምን ይካተት?

መልስ፦ እርጥበት (ከ14 በመቶ ያልበለጠ፤ ለረጅም ጉዞ 13 ይሻላል)፣ ባዕድ ነገር፣ የኖራ መልክ ያለው ፍሬ፣ ቢጫና የተጎዳ ፍሬ፣ ቀይ ፍሬ፣ በኪሎ ስንት ያልተፈለፈለ ፍሬ እንደሚፈቀድ፣ የፍተጋ ደረጃ። የምርት ዘመኑም አይረሳ። አዲስ ሩዝ ሲበስል ይጣበቃል፣ ውኃም ያነሰ ይጠጣል። አንድ ዓመት የቆየው ሲበስል ፍሬ በፍሬ ይለያያል። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ «ሩዙ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመጣው ቅሬታ ብዙ ነው፤ ሩዙ ምንም አልሆነም፣ አዲስ ነው እንጂ።

ጥያቄ፦ ፓርቦይልድ የሚባለው ከነጩ በምን ይለያል?

መልስ፦ ገና ቅርፊቱ ሳለ ተነክሮ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ ደርቆ ነው የሚፈለፈለው። ፍሬው ስለሚጠነክር ሲፈተግ ብዙ አይሰበርም፤ ከፉርሽካው ያለው ቫይታሚንም በከፊል ወደ ውስጥ ይገባል። መልኩ ወደ ቢጫ ያደላል። ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ ይመርጡታል። ሴኔጋል በአንጻሩ ስብርባሪውን ራሱን ፈልጋ የምትገዛ አገር ናት፤ ልማዱ ፈረንሳይ ከኢንዶቻይና ስብርባሪ ታመጣ ከነበረበት ጊዜ የተወረሰ ነው። የፓርቦይልድን ዋጋ ከነጭ ሩዝ ዋጋ ጋር አስተያይቶ «እነዚህ ረከሱ» ማለት ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ በኮንቴይነር ይሻላል ወይስ ሙሉ መርከብ?

መልስ፦ የሚወስነው መጠኑ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 50 ኪሎ የሚይዙ 500 ጆንያዎች፣ 25 ቶን ገደማ፣ ይወስዳል፤ የመንገድ ክብደት ገደብ ባለበት አገር ከዚያ ያነሰ። ባስማቲና ጃስሚን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይሄዳሉ። ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሄደው ርካሽ ሩዝ ግን 25,000 ቶን ያህል በጆንያ በሚጭን መርከብ ነው፤ ይህ 1,000 ኮንቴይነር ማለት ነው።

የመርከቡ አደጋ ዴመሬጅ፣ ማለትም መርከቡ ከተስማሙበት ቀን በላይ ሲቆም የሚከፈለው ቅጣት ነው። ጆንያ በዝናብ አይጫንም፣ አይራገፍም፤ ክዳኑ ይዘጋል። እንበል በቀን 1,500 ቶን ለማራገፍ ተዋውለዋል፤ 17 ቀን ገደማ ማለት ነው። አምስት ቀን ቢዘገይና ቅጣቱ በቀን 15,000 ዶላር ቢሆን 75,000 ዶላር፣ በቶን 3 ዶላር ይሆናል። በሩዝ ንግድ 3 ዶላር የትርፉ እኩሌታ ሊሆን ይችላል። «የዝናብ ቀን አይቆጠርም» የሚለው ቃል ውሉ ውስጥ መኖሩን ከመፈረም በፊት ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኤልሲ (ባንክ ሰነድ ሲቀርብለት ለሻጩ ለመክፈል የሚገባው ዋስትና) ከፍተን ባንኩ ሰነዱን «ልዩነት አለበት» ብሎ ያዘው። የተለመዱት ስሕተቶች የትኞቹ ናቸው?

መልስ፦ ዩሲፒ 600 በሚባለው ዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ ባንክ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ሩዙን አያይም። ሰነዱን ለመመርመር እስከ አምስት የባንክ የሥራ ቀን አለው። የመጫኛው የመጨረሻ ቀን ያለፈበት ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ድርጅቱ ዕቃውን ለመረከቡ የሚሰጠው ሰነድ)፣ ከተጫነ ከ21 ቀን በኋላ የቀረበ ሰነድ፣ ኤልሲው ላይ ካለው ጋር የማይገጥም የዕቃ ስም በኢንቮይሱ ላይ፤ እነዚህ ዘወትር ይገጥማሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የመጠን ልዩነቱን ነው። ኤልሲው «250 ቶን» ካለ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ከጣሪያው እስካላለፈ ድረስ 5 በመቶ ከፍና ዝቅ ማለት ይፈቀዳል። «5,000 ጆንያ» ካለ ግን ፈቃዱ የለም፤ 4,990 ቢጫን ልዩነት ነው። መጠኑን በቶን ያስጽፉ።

ጥያቄ፦ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ የላይኞቹ ጆንያዎች ሻግተው ተገኙ። ባሕር ውኃ አልገባም ይላሉ። ከየት መጣ?

መልስ፦ ከሩዙ ራሱ። 14 በመቶ እርጥበት ያለው 25 ቶን ሩዝ ውስጥ 3.5 ቶን ውኃ አለ። ቀን ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ አየር ይወጣል፤ ሌሊት የብረት ጣሪያው ሲቀዘቅዝ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ለዚህ ነው የላይኛው ረድፍና በር አካባቢ ያለው የሚሻግተው። መከላከያው ከመጫን በፊት ነው፦ ኮንቴይነሩ ደረቅ መሆኑን ማየት፣ ግድግዳና ጣሪያውን በወፍራም ወረቀት መሸፈን፣ እርጥበት መጣጭ መስቀል፣ ወለሉ ላይ እርጥብ እንጨት አለማንጠፍ። የመድን ውሉ ጤዛን መሸፈኑን ለብቻው ይጠይቁ።

ነቀዙ ሌላ ጉዳይ ነው። የፎስፊን ጋዝ ቀናት ይፈልጋል፤ ሲቀዘቅዝ የበለጠ። ላኪው በሃያ አራት ሰዓት አስጨርሶ የምስክር ወረቀት ከሰጠ ትልቁ ነቀዝ ይሞታል፣ እንቁላሉ ይተርፋል፤ መድረሻ ላይ ይፈለፈላል። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ መጠን፣ የቆየበት ሰዓትና ሙቀቱ ይጻፍ። በጋዝ ታጥኖ የመጣ ኮንቴይነር ሳይነፍስና ሳይለካ ሰው አይግባበት፤ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ባስማቲው እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በዲኤንኤ ምርመራ። በብሪታንያ የንግዱ ደንብ እስከ 7 በመቶ ሌላ ሩዝ መቀላቀሉን ይታገሣል፤ የታይላንድ ሆም ማሊ (ጃስሚን ሩዝ) ደግሞ ቢያንስ 92 በመቶ ንጹሕ መሆን አለበት። ሽታ ማስረጃ አይሆንም፣ ይጨመርበታል። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚልክ ሰው ግን ከቅልቅሉ ይልቅ የተባይ መድኃኒት ቅሪት ነው የሚያስፈራው። ትራይሳይክላዞል ለሚባለው የሻጋታ መድኃኒት የተፈቀደው መጠን ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ሲሆን፣ ይረጩት የነበሩ የህንድ ባስማቲ ላኪዎች ተጎዱ፤ የፓኪስታን ድርሻ ከፍ አለ።

ጥያቄ፦ በወደፊት ገበያ (ዕቃው ወደፊት የሚረከብበት ውል ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ በሚሸጥበት) ዋጋ ማሰር አይቻልም?

መልስ፦ ቺካጎ ላይ አለ፤ አንዱ ውል 200,000 ፓውንድ፣ 91 ቶን ገደማ ነው። ግን ያልተፈለፈለ የአሜሪካ ረጅም ፍሬ ሩዝ ስለሆነ ከእስያ ዋጋ ጋር አብሮ ላይሄድ ይችላል። ለቬትናም ወይም ለህንድ ሩዝ ብዙም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ፊሊፒንስ ሩዝ አምራች ሆና እንዴት ትልቋ ገዢ ሆነች?

መልስ፦ ደሴቶቿ ሜዳ ያንሳቸዋል፣ አውሎ ነፋስ ይመታቸዋል፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። በ2019 የገቢ ኮታዋን በሕግ አንሥታ በ35 በመቶ ቀረጥ ተካችው፤ በ2024 ቀረጡን ወደ 15 አወረደችና በዚያው ዓመት ከ4.5 ሚሊዮን ቶን በላይ አስገባች፣ አብዛኛውን ከቬትናም። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ለገበሬዎቿ ብላ ገቢውን ለጊዜው አቆመች፤ የቬትናም ላኪ ዋና ደንበኛውን በአንድ ትእዛዝ አጣ። እገዳ ከገዢም ይመጣል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። 25 ቶን ገዝተን 24.7 ገደማ ደረሰን። ተሰረቅን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። 14 በመቶ እርጥበት ይዞ የተጫነ 25,000 ኪሎ ሩዝ 13 በመቶ ሆኖ ሲደርስ 24,713 ኪሎ ይመዝናል፤ 287 ኪሎው ተንኖ ነው። በዚያ ላይ «ጆንያው እንደ ሩዝ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ካለ፣ አንዱ ባዶ ጆንያ 120 ግራም ቢመዝን በ500 ጆንያ 60 ኪሎ ይሄዳል። መጀመሪያ የሁለቱን ወደብ የእርጥበት ውጤት ያስተያዩ፤ ቀጥሎ ጆንያዎቹን ይቁጠሩ፤ ከዚያ የኮንቴይነሩን የማሸጊያ ቁጥር ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ ከተለየ ወይም ጆንያ ከጎደለ፣ ዕቃውን ሳያነሡ የመርማሪ ሪፖርት ያሠሩና ቅሬታውን ለመርከብ ድርጅቱም ለመድን ድርጅቱም በጽሑፍ ያስገቡ፤ ጊዜ ገደቡ በቀናት የሚቆጠር ነው።