ወደ ኋላ ለተላካችሁ ወጣቶች፦ ከሊሊያን ቱራም የተከላካይነት ዘመን የምትማሩት

ውድ ወጣቶች፣

ሰፈር ሜዳ ላይ ቡድን ሲከፈል ወደ ኋላ የሚላከው ብዙ ጊዜ ኳስ አይችልም የተባለው ልጅ ነው። ይህ ልማድ ስንት ጥሩ ተከላካይ እንዳስቀረብን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ስለዚህ ተከላካይ ለመሆን ላሰባችሁም ሆነ አሰልጣኝ ወደ ኋላ መልሷችሁ ቅር ላላችሁ፣ የአንድ ፈረንሳዊ ተከላካይን የተጫዋችነት ዘመን ይዤ ልምከራችሁ። ሰውየው ሊሊያን ቱራም ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ልጆቹን ማርከስንና ኬፍሬንን ይሆናል። አባትየው ለፈረንሳይ ወንዶች ብሔራዊ ቡድን 142 ጊዜ ተሰልፏል፤ ግብ ጠባቂው ሁጎ ሎሪስ በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ እስኪያልፈው ድረስ በዚህ ቁጥር የሚበልጠው አልነበረም። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቱራም በ1972 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው የፈረንሳይ ግዛት ጓደሉፕ ተወለደ፤ በ9 ዓመቱ ወደ ፓሪስ አካባቢ መጣ። በ19 ዓመቱ ለሞናኮ ዋናው ቡድን መጫወት ጀመረ፤ አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር ነበር። በ24 ዓመቱ ፓርማ፣ በ29 ዓመቱ ጁቬንቱስ፣ በ34 ዓመቱ ባርሴሎና ገባ። በ36 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። በሞናኮ አምስት ዓመት፣ በፓርማ አምስት፣ በጁቬንቱስ አምስት መቆየቱን ልብ በሉልኝ። አጥቂ አዲስ ክለብ በገባ በሳምንቱ ግብ ሊያገባ ይችላል። ተከላካይ ግን ግብ ጠባቂው መቼ እንደሚወጣ፣ ጎኑ ያለው ሰው ወደ ኳስ ሲሄድ ማን እንደሚሸፍን፣ አማካዩ ኳስ ሲነጠቅ የተከላካዮቹ መስመር ወዴት እንደሚንቀሳቀስ እስኪያውቅ ድረስ ወራት ያስፈልጉታል። በየዓመቱ ክለብ የሚቀያይር ተከላካይ ይህን ሁሉ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ለዚያ ነው ችሎታ እያላቸው በ27 ዓመታቸው ገና ተቀያሪ ወንበር ላይ የምናያቸው።

የጣሊያኗ ፓርማ እንደ ሚላን ወይም እንደ ቱሪን ትልቅ ከተማ አይደለችም። ቱራም እዚያ ሲገባ ግን ከጎኑ ተከላካዩን ፋቢዮ ካናቫሮን፣ ከኋላው ገና ልጅ የነበረውን ግብ ጠባቂ ቡፎንን አገኘ። በየሳምንቱ የሚገጥማቸው አጥቂዎች ደግሞ እነ ባቲስቱታ፣ እነ ዊሃ፣ በኋላም የኢንተሩ ብራዚላዊ ሮናልዶ ነበሩ። ግንቦት 12 ቀን 1999 ሞስኮ ላይ ፓርማ ማርሴይን 3 ለ 0 አሸንፎ የዩኤፋ ዋንጫን ሲወስድ ከኋላ የተሰለፉት ሦስቱ ቱራም፣ ሴንሲኒና ካናቫሮ ነበሩ። በ2001 ወደ ጁቬንቱስ ሲሄድ ቡፎንም በዚያው ክረምት አብሮት ሄደ፤ በ2002 እና በ2003 የሊጉን ዋንጫ አነሱ። እንግዲህ አንድ ክለብ ሲፈልጋችሁ ከደመወዙ ቀጥሎ የምትጠይቁት ጥያቄ ከዚህ ይወጣል፦ ጎኔ የሚቆመው ማነው? በእኔ ቦታ ያለው ተጫዋች ዕድሜው ስንት ነው፣ ውሉስ መቼ ያልቃል? አሰልጣኙ የሚጫወተው በሦስት ተከላካይ ነው ወይስ በአራት? የእናንተ ቦታ በሌለበት አሰላለፍ ውስጥ የትልቅ ክለብ ማሊያ መልበስ ሁለት ዓመት ያቃጥልባችኋል።

ስለ ዝውውር ካነሳሁ አይቀር፣ ከ18 ዓመት በታች ላላችሁ በተለይ ይህን ልናገር። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። የተፈቀዱት ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ሲቀይሩ። ለ18 ዓመት ያልደረሰ ተጫዋች የሚፈረም ውልም ከሦስት ዓመት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ አውጥቼ አውሮፓ አስፈርመዋለሁ የሚል ሰው ደንቡን አያውቅም፣ ወይም እያወቀ ይዋሻል። ወኪል ነኝ የሚል ሰው የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱም በፈተና የሚገኝ ነው፣ ቁጥሩን ጠይቁት። ለሙከራ ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ወላጆቻችሁም መሬት ወይም ከብት ሸጠው እንዳይከፍሉ ንገሯቸው። ግብዣው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ራሳችሁ ባገኛችሁት የክለቡ ስልክ ደውሉ።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። ቱራም የሚወደው ቦታ የመሀል ተከላካይነት ነበር። በፈረንሳይ ቡድን ግን መሀሉን ሎሯን ብላንና ማርሴል ደሳይ ስለያዙት አሰልጣኙ ኤሜ ዣኬ በቀኝ መስመር አሰለፈው። በግራ ቢክሰንት ሊዛራዙ ነበር። እነዚህ አራቱ አብረው በጀመሩባቸው ጨዋታዎች ፈረንሳይ ተሸንፋ አታውቅም። በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ቡድኑ በሰባት ጨዋታ የገቡበት ሁለት ግቦች ብቻ ናቸው፤ አንዱም ፍፁም ቅጣት ምት ነበር። ሁለተኛ ቦታ መልመድ ማለት እንግዲህ ይህን ያህል ዋጋ አለው። ግን በደንብ ልመዱት። የመስመር ተከላካይ ስትሆኑ የሜዳው ጠርዝ ያግዛችኋል፣ አደጋ የሚመጣው ከአንድ ወገን ነው፤ በምትኩ 50 እና 60 ሜትር ደጋግሞ ሮጦ መመለስ አለ፣ ሰፊ ቦታ ላይ ከፈጣን የክንፍ ተጫዋች ጋር ብቻ ለብቻ መጋጠም አለ። የመሀል ተከላካይ ሩጫው አጭር ነው፤ አደጋው ግን ከግራም ከቀኝም ከጀርባም ይመጣል፣ አፉም መዘጋት የለበትም። ዝም የሚል የመሀል ተከላካይ አልወድም፤ ጎበዝ ቢሆንም።

በዚያው በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ሐምሌ 8 ቀን የተደረገውን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ፣ ፈረንሳይ ከክሮኤሺያ፣ ፈልጋችሁ እዩት። ለተከላካይ ከዚህ የተሻለ ትምህርት በአንድ ጨዋታ ውስጥ ተሰብስቦ አላየሁም። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የክሮኤሺያው አሳኖቪች ከመሀል ሜዳ ወደ ፊት ሲመጣ ሦስቱ የፈረንሳይ ተከላካዮች ወደ ላይ ወጥተው ነበር፤ ቱራም በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ቀርቷል። ኳሱ ወደ ክሮኤሺያው አጥቂ ሱከር ሲላክ ኦፍሳይድ (ከተከላካዮቹ አልፎ በመቆሙ ከጨዋታ ውጪ) መሆን የነበረበት ሰው በቱራም ምክንያት በጨዋታ ውስጥ ሆነ፤ ሱከርም አገባ። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት “ሰነፍ ሆኖ ነው” ይላል። አይደለም። ኳሱ ከእናንተ ርቆ ባለበት ጊዜ ዓይን በኳሱ ላይ ይቀራል፤ አጠገባችሁ አጥቂ ካለ ደግሞ እግራችሁ ሳይታወቃችሁ ወደ እሱ ይሄዳል። ለዚህ ነው መስመሩን የሚያበላሸው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከኳሱ የራቀው የመስመር ተከላካይ የሚሆነው። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ደንቡ ከተከላካዩ ጋር እኩል የቆመን አጥቂ በጨዋታ ውስጥ ያደርገዋል፤ ግማሽ እርምጃ መቅረት ይበቃል።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ኳሱ ወደ ኋላ በተመለሰ ቁጥር፣ ወይም የያዘው ሰው ጀርባውን በሰጣችሁ ቁጥር፣ መስመሩ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ያዡ ሰው ራሱን ቀና አድርጎ፣ የሚጫነው ሳይኖር ለመምታት ሲዘጋጅ መውጣት ይቆማል፣ እንዲያውም ወደ ኋላ መውረድ ይጀመራል። ትዕዛዙን የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አብዛኛውን ጊዜ የመሀሉ ነው። የመስመር ተከላካይ ከሆናችሁ ኳሱ በተነካ ቁጥር በትከሻችሁ ላይ ዞራችሁ ወደ መሀሉ ተከላካይ ተመልከቱ፣ ከእሱ ኋላ አትቁሙ። በእርስ በርሳችሁ መካከል ያለው ርቀት ኳሱ ወደ ግባችሁ ሲቀርብ ከስምንት እስከ አሥር ሜትር አይለፍ። ልምምዱ ቀላል ነው፦ አራት ተከላካዮች፣ ፊት ለፊት ኳስ የሚቀባበሉ አራት ሰዎች፣ ለ10 ደቂቃ ያለ አጥቂ፤ ከዚያ ሁለት አጥቂ ጨምሩ። ገመድ ካላችሁ ወገባችሁ ላይ አስራችሁ ሞክሩት፣ ማን እንደሚዘገይ ወዲያው ይታያል።

የቱራም ትልቅነት ግን ከግቡ በኋላ ባለው አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ራሱን ይዞ አልቆመም። ወደ ፊት ወጥቶ ከክሮኤሺያው ቦባን ኳስ ነጠቀ፣ ከቡድን ጓደኛው ጆርካኤፍ ጋር ተቀባብሎ አቻ አደረገ። በ69ኛው ደቂቃ ደግሞ ከሳጥኑ ጠርዝ፣ ያውም በግራ እግሩ፣ ሁለተኛውን አገባ። በ142 ጨዋታ ለአገሩ ያገባው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው። ሁለቱም ግቦች የጀመሩት ከነጠቃ ጉጉት ነው፤ ስህተት ስትሠሩ ቀጣዩን ኳስ ለማግኘት ሂዱ፣ በእጃችሁ ምልክት እያሳያችሁ ከጓደኛችሁ ጋር አትከራከሩ።

ስለ ነጠቃ ካነሳን፣ ብቻ ለብቻ ስትገጥሙ ወጣቶች የምትሳሳቱበት ቦታ አንድ ነው፦ በፍጥነት ትደርሳላችሁ፣ መቆም ግን አትችሉም። ረጅም እርምጃ ሜዳውን ለመሻገር ነው፤ ኳስ ካለው ሰው ሦስት ሜትር ሲቀራችሁ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ አንድ እግር ከሌላው ቀደም ይበል። ደረታችሁን ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት አትስጡት፤ እግራችሁ ክፍት ሆኖ ኳሱ በመሀል ያልፋል፣ ለመዞርም ትዘገያላችሁ። ጎን ብላችሁ ወደ ሜዳው ጠርዝ ወይም ወደ ደካማ እግሩ ብቻ በሩን ክፈቱለት። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ይኑር። ዓይን ኳሱ ላይ ነው፤ ወገቡና ትከሻው ይዋሻሉ። የምትነጥቁበት ቅጽበት ኳሱ ከእግሩ ተለይቶ ሲገፋ ነው፣ እግሩ ሥር እያለ አይደለም። ሸርተቴ፣ ማለትም መሬት ላይ ተንሸራቶ መንጠቅ፣ የመጨረሻ ምርጫ ነው፦ ከወረዳችሁ በኋላ እስክትነሱ ቡድናችሁ በአንድ ሰው ይጎድላል፤ በሳጥን ውስጥ ደግሞ ፍፁም ቅጣት ምት ነው። ቱራም ጥሩ ሸርተቴ ነበረው፤ ያም ሆኖ አብዛኛውን ኳስ የወሰደው ቆሞ፣ ትከሻውን አስቀድሞ በማስገባት ነው።

በግንባር መምታትን ስትለማመዱ በግንባራችሁ ምቱ፣ በአናት አይደለም፤ አፍ ዝግ፣ አንገት ጠንካራ፣ ዓይን ክፍት። ራሳችሁን ከተመታችሁ በኋላ ግን ጀግንነት አያስፈልግም። ሌላው ፈረንሳዊ ተከላካይ ራፋኤል ቫራን በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ከናይጄሪያ ጋር ሲጫወት ራሱን ተመትቶ፣ ከአራት ቀን በኋላ ከጀርመን ጋር መሰለፉን ከዓመታት በኋላ በይፋ ተናግሯል፤ ስለ ጉዳዩ ሌሎች እንዲጠነቀቁም አሳስቧል። ማዞር፣ ማስመለስ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ውጤቱን መርሳት ከታየባችሁ በዚያው ቀን አትመለሱ፤ ሐኪም ሳያያችሁ ልምምድም አትጀምሩ።

ለሰውነታችሁ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይፈጃል፦ 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሠራ። በውስጡ ያለውን የጭን የኋላ ጡንቻ እንቅስቃሴ አትዝለሉት፤ ጓደኛችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ይዞ፣ ተንበርክካችሁ ቀጥ ብላችሁ ቀስ በቀስ ወደ ፊት መውረድ ነው። ከ3 እስከ 5 ጊዜ ጀምራችሁ በጊዜ ወደ 12 አድርሱት። መጀመሪያ ቀን 15 የሠራ ሰው በማግስቱ መራመድ ያቅተዋል፣ ከዚያም ይተወዋል። ቱራም በ34 ዓመቱ፣ በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ፣ ከጋላስ ጋር መሀሉን ይዞ ፈረንሳይ በሰባት ጨዋታ ሦስት ግብ ብቻ ሲገባባት ሙሉ ውድድሩን ተጫውቷል። በዚያ ዕድሜ ይህን መቻል በ16 እና በ17 ዓመት ከሚጀመር ልማድ ነው የሚመጣው።

የመጨረሻው ጉዳይ ልብ ነው። በ2008 ክረምት ቱራም ወደ ፓሪ ሳን ዠርማ ሊዛወር ሲል በተደረገለት የጤና ምርመራ የልብ ችግር ተገኘበት፣ ጨዋታም አቆመ። በተመሳሳይ ችግር ወንድሙ መሞቱ በወቅቱ ተዘግቧል። ጣሊያን ውስጥ በውድድር የሚሳተፍ ስፖርተኛ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ ተመርምሮ ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ነው። እናንተ ያላችሁበት ክለብ ባይጠይቃችሁም በውድድር መጫወት ስትጀምሩ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ አድርጉ፣ ሐኪሙ ካዘዘ ደግሞ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ። አንድ ጊዜ ንጹሕ መሆን ለሁልጊዜ አይደለም፤ ልብ ከዕድሜና ከልምምድ ጋር ይለወጣል፣ ስለዚህ ወረቀቱን አስቀምጡት፣ ቀጣዩ ሐኪም ያወዳድረዋል። እየሮጣችሁ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ፣ ወይም ከቤተሰባችሁ ከ50 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ለአሰልጣኛችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፣ እስክትመረመሩም አትጫወቱ። ጓደኛችሁ ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ወድቆ ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ፣ አንዳችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ሌላችሁ በደረቱ መሀል ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየተጫናችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ ሳታቋርጡ ግፉ፤ ሲደክማችሁ ተቀያየሩ።