«የሴት በሽታ ነው» ለሚለው ባለቤትሽ

እህቴ፣ ሐኪሙ «ሥር የሰደደ የድካም ሕመም» ቢለውም ባለቤትሽ «እሱ የሴቶች ነው» ብሎ ሥራውን እንደቀጠለ ጽፈሽ፣ በወንድና በሴት ይለያያል ወይ ብለሻል። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ እኔንም የአክስቴን ልጅም ያዘን፤ ትኩሳቱ ለቀቀን፣ ድካሙ ግን ሁለታችንም ላይ ቀረ። እሱ ባጃጅ ነጂ ነው፣ እኔ የቤት እመቤት።

ሴቶች እንደሚበዙ እውነት ነው። ዲኮድ ኤም ኢ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ውጤት፣ ከ17 ሺህ በላይ ከሆኑት ታማሚዎች 83.5 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ ምልክቱም ተጓዳኝ ሕመሙም በሴቶቹ ይበዛል። የቀሩት እንግዲህ ወንዶች ናቸው፣ አቦ! «የሴት» የሚለው ወሬ ደግሞ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ታማሚዎቹን ሳያነጋግሩ፣ ሴቶች ስለበዙበት ጭምር፣ «ሂስቴሪያ ነው»፣ ማለትም ከስሜት የመጣ እንጂ የአካል ሕመም አይደለም፣ ብለው ጻፉ።

እኔ ያየሁት ትልቁ ልዩነት ሕመሙን የሚደብቀው ነገር ላይ ነው። የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ጉልበት ካወጣሽ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም በሣልስቱ፣ መውደቅ ነው። እኔ ለቅሶ ቤት ሳስተናግድ ውዬ ከነገ ወዲያ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ «ምን ሠራሽና?» እባላለሁ፤ ማብሰልና መጋገር እንደ ሥራ አይቆጠርማ። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ይብስብኛል። ጤና ጣቢያ ስሄድ ደግሞ «ደም ማነስ ነው» ተብዬ ኪኒን ይዤ እመለሳለሁ። ደም ማነስና ታይሮይድ መታየት አለባቸው፣ ግን ውጤቱ ደህና ከሆነ በኋላም ኪኒኑን መደጋገም ምን ይባላል?

የአክስቴ ልጅን የደበቀው ጫት ነው። ከምሳ በኋላ ይቅማል፣ ሲመረቅን የእሱ ያልሆነ ጉልበት ያገኛል፣ እስከ ማታ ይነዳል። በማግስቱ ሲወድቅ ቤተሰቡ «ሀራራ ነው» ይላል፣ እሱም ያምናል፣ ደግሞ ይቅማል። ሲደክመው መናገር ያፍራል፤ እኔ ቢያንስ ለጎረቤት አለቅሳለሁ። ባለቤትሽም የሚቅም ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ላይ አተኩሪ።

አያያዙ ላይ ወንድ ሴት የለም። የአክስቴን ልጅ ጓደኞቹ «ስፖርት ሥራ፣ ላብ ይወጣልሃል» ይሉታል፤ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 እንቅስቃሴን በፕሮግራም እየጨመሩ መሄድን ለዚህ ሕመም አትስጡ ብሏል። ሳይወድቅ ማረፍ፣ ተቀምጦ የሚሠራውን ተቀምጦ መሥራት ነው። ባለቤትሽን ሲቆም የሚያዞረው ከሆነ የድሬ ሙቀት ያባብስበታል፤ ገበያውን በጠዋት ይጨርስ፣ ውኃ አይለየው።

ሕመሙን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ስኳርም ቲቢም ጉበትም ታይቶ፣ ድካሙ ስድስት ወር ካለፈው፣ የሚረዳው ማስታወሻ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል የሠራውንና በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት የሆነውን ይጻፍ። የቃመበትን ቀን ለይቶ ያስፍር፤ ያ ካልተለየ ሐኪሙም እንደ ጎረቤት «ጫት ነው» ማለቱ አይቀርም።