ከቪዲዮ የወጣ ፎቶ ለሰርግ አልበም ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደሴ ውስጥ የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ። በቅርቡ ያገለገለ ካነን 5ዲ ማርክ 4 ገዛሁ። ደንበኞች አሁን ቪዲዮም ይጠይቁኛል፤ እኔ ግን ብቻዬን ነኝ። ጓደኛዬ «ዝም ብለህ በ4ኬ ቅረጽ፤ ፎቶውን ኋላ ከቪዲዮው ታወጣዋለህ» አለኝ። ያዋጣል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጥሩ ካሜራ ነው የገዛኸው። የጓደኛህን ምክር ግን አትስማ።

ካሜራው ከ4ኬ ቪዲዮ (ከፉል ኤችዲ የበለጠ ዝርዝር የሚይዘው) አንድ ምስል ነጥሎ ማውጣት እንደሚችል እውነት ነው። የሚወጣው 8.8 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ፎቶ ስታነሳ 30 ታገኛለህ። ለትንሽ ህትመት 8.8ም ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሹተሩ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ። ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጽ ሹተሩን 1/50 ሰከንድ ላይ ታደርገዋለህ፤ እንቅስቃሴው ለዓይን የሚለሰልሰው ያኔ ነው። ያንኑ ምስል ነጥለህ ስታሳትመው ግን እስክስታ የምትመታው ሙሽራ ትከሻዋ ተድበስብሶ ይወጣል። ሹተሩን ብታፈጥነውስ? የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖል ቪዲዮው ላይ ብልጭ ድርግም ይልብሃል።

ከቪዲዮ የሚወጣው ጄፔግ፣ ማለትም ካሜራው አስተካክሎ የጨመቀው ፋይል መሆኑንም አትርሳ። ሐይቅ ዳር ሙሽሮችን ስታቆም ውሃው ያንጸባርቃል፣ ቬሎው ነጭ ነው፣ ሱፉ ጥቁር ነው። በራው (ሴንሰሩ ያየውን ሳይጨመቅ በሚያስቀምጠው ፋይል) ካነሳህ ጥላውን ታፈካዋለህ፣ የቬሎውን ጥልፍ ትመልሰዋለህ። ጄፔግ ላይ ነጩ አንዴ ከነጣ አለቀ።

4ኬው ራሱ በዚህ ካሜራ ብዙ ያስከፍላል። የሚጠቀመው የሴንሰሩን (ብርሃኑን የሚቀበለውን ክፍል) መሃል ብቻ ነው። 24 ሚሊ ሜትር ሌንስህ እንደ 42 ይሆናል። ዘመድ በሞላበት ጠባብ ሳሎን ጀርባህ ግድግዳ እየነካ ግማሹ ሰው ከምስሉ ውጭ ይሆንብሃል። ካርድም ይበላል፤ 64 ጊጋባይት 17 ደቂቃ ያህል ብትቀርጽበት ነው። ስለዚህ በፉል ኤችዲ ቅረጽ። እዚያ ሴንሰሩ በሙሉ ስፋቱ ይሠራል፤ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ የገዛኸውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ እኛ አገር ቪዲዮ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ኒካ ቤት ገብተህ መንዙማ ሲጀመር ካሜራው ድምፁን በራሱ እንዲያስተካክል ከተውከው ድቤው በተመታ ቁጥር የአውጪውን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። ተቀባዮቹ ሲከተሉ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። መስማት ያስጠላል። የድምፅ መጠኑን ወደ ማኑዋል (በእጅህ ወደምታስተካክለው) ቀይረው። ማይክ ሰካ፤ ማዳመጫም ሰካና ድቤው በጣም ሲጎላ እየሰማህ ልኩን ያዝ። የእነዚያ አባቶች ድምፅ ቤተሰቡ ለልጅ ልጅ የሚያቆየው ነው፤ እባክህ በካሜራው ውስጠ-ማይክ ብቻ አታስቀረው።

ብቻህን ከሆንክ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር። መንዙማውና ምርቃቱ በቪዲዮ፣ ሐይቅ ዳሩና የቤተሰብ ፎቶው በፎቶ ይሁን በላቸው። ሁለቱንም ሙሉ ቀን ከፈለጉ ሌላ ልጅ ይዘህ ና፤ ሂሳቡንም በዚያ ልክ ንገራቸው። የቆየው ካሜራህ ቪዲዮ የሚቀርጽ ከሆነ አትሽጠው፤ ለልጁ ይሆነዋል። አዲሱ 5ዲ ማርክ 4ህ በአንድ ጊዜ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በላይ አይቀርጽልህም፤ ምርቃቱ ከመጀመሩ በፊት አቁመህ እንደገና አስጀምረው።