ደንበኛዬ የሐሰት ምስክር ላቅርብ ቢለኝስ?

ጥያቄ፦ ጥብቅና ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። በድብደባ የተከሰሰ ደንበኛ አለኝ። ለብቻችን ስንነጋገር ሰውየውን መምታቱን አልደበቀኝም። አሁን ግን የአጎቱን ልጅ «በዚያ ሰዓት አብረን ነበርን» ብሎ እንዲመሰክርለት አዘጋጅቶታል። «የሚመሰክረው እሱ፤ አንቺ ምን ቸገረሽ?» ይለኛል። ምስጢሩን ማውጣት አልችልም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መምታቱን እያወቅሽ ለእሱ መቆምሽ ነውር አይደለም። ጥፋቱን ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕጉ ነው። የዐቃቤ ሕጉን ምስክሮች «ከየት ሆነህ አየህ? መብራት ነበር ወይ?» ብለሽ አፋጥጪ። ማስረጃው ካልበቃ «በነፃ ይሰናበትልኝ» በዪ። ይህ ሥራሽ ነው።

የአጎቱ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ምስክር አድርገሽ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። «የት ነበራችሁ?» ብለሽ የምትጠይቂውም አንቺው ነሽ። መልሱ ሐሰት መሆኑን እያወቅሽ ከጠየቅሽ በውሸቱ እጅሽ አለበት።

በአሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዋይትሳይድ የሚባል ሰው በነፍስ ግድያ ተከሶ ነበር። ሟቹ እጁን ወደ ትራሱ ሥር ሲሰድ ሽጉጥ ሊያወጣ መስሎት እንደወጋው ለጠበቃው ነገረው። ሽጉጥ ግን አላየም። ችሎቱ ሲቃረብ «ብረት ነገር አይቻለሁ» ልበል አለ። ጠበቃው ፈጽሞ አይሆንም አለው፤ እንዲህ ብለህ ከመሰከርክ ለፍርድ ቤቱ አሳውቃለሁ ብሎም አስጠነቀቀው። ሰውየው እውነቱን ተናገረ፤ ተፈረደበትም። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1986 እ.ኤ.አ. ጠበቃው ያደረገው የሰውየውን መብት አልነካም ተብሎ ተወሰነ። ጠበቃ የማግኘት መብት በሐሰት ምስክርነት መታገዝን አይጨምርም ማለት ነው።

እኔ ከዚህ ጠበቃ በጣም የምወድለት ሌላ ነገር ነው። እምቢ ብሎ ብቻ አልተወውም። «ሽጉጡን ማየት አይጠበቅብህም፤ በቂ ምክንያት ኖሮህ አለ ብለህ ማመንህ ለመከላከያ ይበቃል» ብሎ እውነተኛውን መከራከሪያ አሳየው። አንቺም እሱን ፈልጊለት። ጠቡን ማን ጀመረው? ቀድሞ የተሰነዘረበት ነገር ነበር? ሰውየውን ለመካስ ፈቃደኛ ነው?

ከዚያ ለብቻው አስቀምጪውና ቁርጡን ንገሪው። የአጎቱ ልጅ በሐሰት ምስክርነት ሊከሰስ እንደሚችልም አስረጂው። ብዙ ሰው የሚለሰልሰው እዚህ ላይ ነው። እምቢ ካለ ጥብቅናውን ለመተው ፍርድ ቤቱን አስፈቅጂ። ምስጢሩን ለዳኛ እስከመግለጥ ትሄጃለሽ ወይ በሚለው ላይ የየአገሩ ደንብ ይለያያልና የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንባችሁን ራስሽ አንብቢ። ብቻ ዛሬ ነገ አትበይ። በቀጠሮው ዋዜማ ጥለሽው ከሄድሽ ሌላ ጠበቃ የሚፈልግበት ጊዜ አያገኝም።