የሀዋሳ ሀይቅ ጭቃ ነዳጅ ይወጣዋል?

ጥያቄ፦ እኔ የሀዋሳ ልጅ ነኝ። አሞራ ገደል ጋ ዳር ዳሩን ሲረግጡት ጥቁር ጭቃ ይወጣል፣ የገማ እንቁላል ይሸታል። ጓደኛዬ "ይሄ ነዳጅ ነው" ይላል፣ እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ ነዳጅስ አይደለም ወንድሜ፣ ግን ጓደኛህ ብዙም አልራቀም። ሽታው ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ጋዝ ነው፣ እና እንደዛ ያለ ጭቃ ውስጥ ነው የሞተ አልጌ በደንብ ሳይበሰብስ የሚቆየው። የሀይቅ አልጌ ደግሞ ቅባታም ነው፣ ሃይድሮጅን የበዛበት ኬሮጅን (ሲሞቅ ዘይት የሚወጣው ጠጣር ነገር) ይሆናል፣ ከሱ የተሻለ ዘይት የሚሰጥ የለም። ችግሩ መብሰሉ ነው፤ ደለል እየተጫነው ኪሎሜትሮች ወርዶ 100 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ለረጅም ዘመን ማግኘት አለበት። አሜሪካ ያለው ግሪን ሪቨር የሚባለው አለት 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖት እንኳን አብዛኛው ገና ጥሬ ነው፣ ዘይቱን ለማውጣት አለቱን ማሞቅ ያስፈልጋል! የሀዋሳው ጭቃማ የትናንት ነው።

ስምጥ ሸለቆው ላይ ግን የበሰለ አለ፣ ኡጋንዳ አልበርት ሀይቅ ጋ በ2006፣ ኬንያ ሎኪቻር በ2012 እ.ኤ.አ. ዘይት ተገኝቷል። ከሀይቅ አልጌ የሚመጣ ድፍድፍ ነዳጅ ሰም ስለሚበዛው ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል፣ ለዛ ነው ከኡጋንዳ ተነስቶ ታንዛኒያ ያለው ታንጋ ወደብ የሚደርሰው 1443 ኪሎሜትር ቧንቧ እየተሞቀ እንዲሰራ የታቀደው።