መልስ፦ ከሞተ በኋላ የታወቀ ልቦለድ ጸሐፊ

በሕይወት ሳለ ሳይታወቅ ቀርቶ ከሞተ በኋላ ዝነኛ የሆነ ልቦለድ ጸሐፊ ማን አለ ብለህ ጠይቀሃል። በጀርመንኛ የጻፈውን የፕራግ ደራሲ ፍራንዝ ካፍካን ብዙ ሰው ይነግርሃል። እኔ ግን ጁዜፔ ቶማሲ ዲ ላምፔዱሳን እልሃለሁ።

ሰውዬው ከጣሊያን ደሴት ከሲሲሊ መሳፍንት አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሌርሞ ተወለደ። ዕድሜውን በንባብ አሳልፎ ብቸኛ ልቦለዱን «ኢል ጋቶፓርዶ»ን (በእንግሊዝኛ «The Leopard») የጻፈው ወደ ስልሳ ሲጠጋ ነው። ሁለት ትልልቅ የጣሊያን አሳታሚዎች አንቀበልም አሉት። የሁለተኛው እምቢታ የመጣው በጁላይ 1957 ነው። በዚያው ወር በሳንባ ካንሰር ሞተ። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል።

ችሎታ ጎድሎት አይመስለኝም። የዚያን ጊዜ የጣሊያን ጸሐፊዎች ትኩረት ሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የተራው ሕዝብ ኑሮ ነበር። እሱ ግን በ1860 ጣሊያንን አንድ ለማድረግ የተዋጋው ጋሪባልዲ ሲሲሊ ሲገባ ዘመኑ ስለሚያልፍበት የመኳንንት ቤት ጻፈ። ለብዙዎች ያረጀ ነገር መሰላቸው።

ደግነቱ ረቂቁ ደራሲው ጆርጆ ባሳኒ እጅ ገባ። በ1958 ፌልትሪኔሊ የተባለ አሳታሚ አሳተመው፤ በዓመቱ ስትሬጋ የተባለውን የጣሊያን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ። በ1963 ደግሞ የጣሊያኑ የፊልም ዳይሬክተር ቪስኮንቲ ፊልም ሠራበት። አንተ ግን መጽሐፉን አስቀድም፤ የዳንስ ግብዣው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ አትቸኩል።